የኖላዊት ዓይን አልፎ ሲመለስ

ኖላዊት ደምሴን ስትሮክ የመታት ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥርሷን እየፋቀች ሳለ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ዞረ፤ ቀጥሎ ወለሉ ተነሣ። ሰው በጠዋት ሲንገዳገድ ጎረቤት ምን እንደሚጠረጥር ስለምታውቅ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ደጃፍ ድረስ ወጣችና "ኧረ የሰው ያለህ፣ አልጠጣሁም!" ብላ ጮኸች።

ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነበር። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጇ ሜላት አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ኖላዊት ራሷ ድሬዳዋ፣ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ተቀምጣ የባቡሮቹን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመት ማሽን ይዞት ነበር። ሰው ግን የማሽኑን ድምፅ ጆሮ መስጠት ተወና ባቡር በባቡር ላይ ስላመለጠው፣ በ2061 ዓ.ም. ሥራው ለሰው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የኖላዊትን ድምፅ የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም።

ሆስፒታል አሥራ ሁለት ቀን ተኛች። ማስመለሱ ቆመ፤ እግሯም እየጸና መጣ። ሊለቋት ሲሉ ዶክተር ኢክራም የምትባል ወጣት ሐኪም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጣቷን ኖላዊት ፊት አቆመች።

"ጣቴን ይከተሉ።"

ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። የኖላዊት ዓይን ለስለስ ብሎ አልተከተለውም፤ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ እየዘለለ ሄደ።

"አሁን አፍንጫዬን ይዩ። እሺ። አሁን ደግሞ እስክሪብቶውን።"

ዓይኗ ከአፍንጫው ተነሣ፣ እስክሪብቶውን አለፈ፣ በሩ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ወደ እስክሪብቶው ተመለሰ።

"መጀመሪያ ምን አዩ?"

"በሩን። እስክሪብቶውን ላይ ብዬ በሩን!"

"ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ ትንሹ አንጎል የሚባለው አለ" አለች ሐኪሟ። "ዓይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘል ርቀቱን የሚለካለት እሱ ነው። የእርስዎ ተጎድቷል። ስለዚህ ዓይንዎ ልኩን አያውቅም፤ ያልፍና ይመለሳል። ወደ ጎን አንድ ነገር ይዘው ልቆይ ቢሉም ይንሸራተትብዎታል።"

"መነጽር ብታዢልኝስ?"

"መኪናው ደህና ነው፤ ያመመው ሾፌሩን ነው። አንጎል እንደገና ይማራል፤ በጥቂት ወራት አብዛኛው ይስተካከላል። እስከዚያ ግን…" ዶክተር ኢክራም ጣራው ጥግ ላይ ወደተሰካው አፍጣጭ አየት አደረገችና ዓይኗን ቶሎ ወደ መሬት ሰበረች። "እስከዚያ ግን ከእነዚህ ይጠንቀቁ።"

አፍጣጭ የሌለበት ቦታ አልነበረም። ሱቅ፣ ታክሲ፣ ቢሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ ሁሉም ጋ የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ተሰክታ ሰው ምን እንደሚያይ ለቀልብ መዝገብ ቤት ትናገራለች። በኖላዊት ልጅነት ይህን የሚያውቀው ስልክ ብቻ ነበር፤ ያኔ ማንም አልተቆጣም፤ አሁንም ማንም አይቆጣም። ሰው እንዲያውም ወዶታል፤ ሱቅ ገብቶ ይህን ስጡኝ ብሎ መለመን ቀረ፤ ዓይን ያረፈበት ዕቃ ይታሸጋል። መዝገብ ቤቱ አንድ ትልቅ ሕግ ነበረው፦ የመጀመሪያው እይታ አይዋሽም። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከፊደል በፊት ጨዋ ዓይን ይማራሉ፤ አዋቂውም መንገድ ላይ የጫማውን ጫፍ እያየ ይሄዳል። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የጫማውን ጫፍ አጥብቆ ያያል።

ኖላዊት በወጣች በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ሄደች። ዳቦውን አየች፤ የወንድ ጢም መላጫ ታሸገላት። ልትመልሰው ብላ ዳቦውን ደግማ ስታይ የሕፃን ዳይፐር ተጨመረላት። ከረጢቱን ይዛ ሰፈር ስትገባ ጎረቤቶቿ ተያዩ፤ ምላጩ ለማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን፣ ዳይፐሩን ለመተንተን ሦስት ቀን ፈጀባቸው።

ዶክተር ኢክራም "ይህች ሴት ዓይኗ ታምሟልና አይመዝገብባት" የሚል ወረቀት ጽፋላት ነበር። ኖላዊት ወረቀቷን ይዛ መዝገብ ቤቱ ሄደች። ጸሐፊዋ ራምላ ትባላለች፤ ደግ ልጅ ናት።

"ይፈቀድልዎታል" አለቻት ራምላ። "ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እዚህች ነጥብ ላይ አምስት ሰከንድ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ይዩ።"

"ልጄ፣ እሱን ስላልቻልኩ እኮ ነው የመጣሁት።"

"ገብቶኛል፤ ግን ፎርሙ እንደዚያ ነው።"

ዘጠኝ ጊዜ ሞከረች። በዘጠነኛው ማሽኑ "አመልካቿ ለመፈረም ፈቃደኛ አይደሉም" ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ሥራ ተመለሰች። የምትሠራባት ጠባብ ክፍል መስኮቷ ወደ አዳራሹ ነው። ፊቷ ማይክሮፎኑ፤ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ የባቡሮቹ ሰሌዳ፤ ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ የናሆም መጥበሻ። ናሆም ዕድሜው ስልሳ ሁለት ነው፤ ሳምቡሳ ይጠብሳል፤ አላገባም። ኖላዊት ማይክሮፎኗን ታያለች፣ ሰሌዳውን ላይ ትላለች፣ ዓይኗ ሰሌዳውን አልፎ ናሆም ላይ ያርፋል፣ ወዲያው ይመለሳል። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ፣ አራት መቶ ጊዜ። ሰው ላይ አርፎ ወዲያው የሚሸሽ ዓይን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

በሁለተኛው ሳምንት ሜላት ደወለች።

"እማዬ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምኑን?"

"ደብዳቤ ደረሰኝ እኮ። 'እናትዎ አቶ ናሆም በላቸውን በአሥራ ሁለት የሥራ ቀን አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰርቀው ተመልክተዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት' ይላል። አራት ሺህ! እኔ ጓደኛዬን በሁለት ዓመት ይህን ያህል አላየሁትም።"

"እኔ ያየሁት ሰሌዳውን ነው።"

"እማዬ፣ አይፈረድብሽም። አባዬ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ግን መዝገቡ…"

"መዝገቡ አልወለደሽም! እኔ ነኝ የወለድኩሽ፤ እኔን ስሚ!"

ሜላት ቀስ ብላ "ሲበዛ ወደሽዋል ማለት ነው" አለች።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ አንደኛውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አፈ ጉባኤያቸው ዮናታን የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ናቸው። ኖላዊት ወንበር ሰጠቻቸው። ዮናታን ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ዘረጉ።

"መቼም ይህ የተጨረሰ ነገር ነው" አሉ። "እኛ ቀን ለመቁረጥ ነው የመጣነው። ናሆም ጥር ይሁንልኝ ብሏል።"

"ምን ጥር? እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሦስቱም ተያዩ። ሴት መጠየቅ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ መዝገቡ እያለ መጠየቅ ባለጌነት ነው፤ አላምንሽም እንደማለት ነው።

"ወይዘሮ ኖላዊት፣ ዓይንሽ ከፈረመ በኋላ አፍ…" አሉ ዮናታን።

"አፌ አይሆንም ይላል።"

የጉልበት ሕመምተኛው ሽማግሌ "ዓይን አውጣ" ሊሉ ጀምረው ነበር፤ በዚህ ቤት ዓይን የሚለው ቃል እንደማይበጅ ገብቷቸው ዋጡት። ዮናታን ወረቀቱን አጠፉ።

"ልጄ፣ አላስፈራራሽም፤ ልንገርሽ ብዬ ነው። አራት ሺህ ጊዜ አይቶ አይሆንም ማለት የዓይን ክህደት ይባላል። መዝገብ ቤቱ ለፍርድ ያቀርብሻል። ዓይኑ የማይታመን ሰው ደግሞ የሕዝብ ሥራ ላይ አይቀመጥም። ማይክሮፎንሽን ትነጠቂያለሽ።"

መጥሪያው ማክሰኞ ደረሳት። ቀጠሮው ሐሙስ በአራት ሰዓት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ የጅቡቲው ባቡር ከተሸኘ በኋላ፣ ኖላዊት ግድግዳውን እየተደገፈች ናሆም ዘንድ ሄደች። ናሆም አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል። እሷን ሲያይ መጥበሻውን ትቶ ለመቀመጫ በርጩማ አወጣ።

"ናሆም፣ ልንገርህ፤ ግን አትቆጣ።"

"እኔ? እኔ ምን ያስቆጣኛል?" ፊቱ ያበራል። "አምና ከመዝገብ ቤቱ የመጣልኝ ወረቀት ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ሰው በዓመት ስንት ጊዜ እንዳየኝ። ሠላሳ አንድ! ሰው የሚያየው ሳምቡሳውን ነው። ከሠላሳ አንዱ ሃያው ደግሞ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው፤ ቆጣሪው ከጀርባዬ ስለሆነ። ከዚያ ያንቺ ሲመጣ… ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።"

ኖላዊት ልትመለስ አሰበች። ሥራዋን አሰበች። ከዚያ ትንሹን አንጎሏን፣ የሐኪሟን እስክሪብቶ፣ በሩን፣ ምላጩን፣ ዳይፐሩን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ናሆም ሳምቡሳዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። የተወሰኑት ተቃጠሉ።

"ስለዚህ አራት ሺህ ጊዜ ሰሌዳውን ነው ያየሽው።"

"ሰሌዳውን ነው።"

"ሰሌዳው እንኳ የሚያምር ሰሌዳ አይደለም" አለ ናሆም።

ኖላዊት ሳቋ አመለጣት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈና ሥራውን ቀጠለ።

ሐሙስ የመዝገብ ቤቱ ችሎት ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ጎረቤቶቿ አሉ፤ ሁሉም የጫማቸውን ጫፍ እያዩ ነው። ናሆም ከኋላ ተቀምጧል። ዳኛው አቶ ማክቤል የሚባሉ፣ በዓይናቸው ጨዋነት የተሸለሙ፣ ሰው ሲያናግሩ ከሰውየው ሸሚዝ ሁለተኛ ቁልፍ ከፍ አድርገው የማያዩ ሰው ናቸው። ራምላ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች።

"እውነት ለመናገርዎ ነጥቧን ይዩ" አሉ ዳኛው።

ኖላዊት አየች። ማሽኑ "መሐላው አልተመዘገበም" አለ።

"ጌታዬ፣ የሐኪም ወረቀት አለኝ።"

"ወረቀት የሰው እጅ ይጽፈዋል። ዓይን ግን ራሱ ነው የሚናገረው። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አይተዋል። አንድ ጊዜ ስህተት ነው እንበል። አሥር ጊዜም እንበል።" ዳኛው የኖላዊትን ሁለተኛ ቁልፍ በሐዘን ተመለከቱ። "ይህን ሰው ይወዱታል፤ ለምን ይክዱታል?"

ኖላዊት ወረቀቷን መልሳ አጠፈች። አሥራ ሦስት ዓመት የሠራችበት ማይክሮፎን ታያት። በዚህ መሃል ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ናሆም ቆሟል።

"ክቡር ዳኛ፣ የተካድኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ልናገር?"

"ይናገሩ።"

"እሷ እኔን አላየችም" አለ ናሆም። "የምታየው ቦታውን ነው። ከሰሌዳ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ያለውን። እዚያ እኔ ሆንኩ፣ የውሃ በርሜል ሆነ፣ ለዓይኗ ያው ነው። ማንም ይቀመጥበትና ይታይ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ችሎቱ ውስጥ የባለጉዳዮችን ተራ የሚያሳይ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ነበር። ናሆም ሁለት እርምጃ ቆጥሮ ቦታውን በጫማው መታ።

"ማን ይቀመጥ?" አለች ራምላ።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ሚስት አላቸው፤ ጉልበታቸውን ያዙ። ጎረቤቶቿ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። ዳኛው ተቆጡ።

"ምን ያስፈራል? የመዝገቡን እውነት የሚጠራጠር ካለ እኔ እቀመጣለሁ። ወንበሬን አምጡ!"

ወንበራቸው መጣ። ዳኛው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ለኖላዊት ወረቀት ተሰጣት፤ ተራ ቁጥሮቹን ከሰሌዳው እያነበበች ከወረቀቷ ጋር እንድታመሳክር ታዘዘች። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጣቢያውን በሚሞላው ድምፅ ጀመረች።

"ተራ ቁጥር አንድ… ተራ ቁጥር ሁለት…"

ወረቀት፣ ዳኛ፣ ሰሌዳ። ወረቀት፣ ዳኛ፣ ሰሌዳ። ስልሳኛው ላይ ስትደርስ የዳኛው የእጅ ሰዓት ደወለ፤ ዜማ ያለው ደወል ነው፣ የሠርግ። ከዚያ ለስላሳ ድምፅ ተናገረ፦ "እንኳን ደስ አለዎት! ወይዘሮ ኖላዊት ደምሴ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልሳ ጊዜ ሰርቀው ተመልክተውዎታል። በሕጉ መሠረት ለባለቤትዎ ተነግሯል።"

"ለማን?" አሉ ዳኛው።

"ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ሶልያና" አለች ራምላ ማሽኑን እያየች። "ደርሷል። ተነቧል።"

ዳኛው "አቁሚ!" አሉ፤ ኖላዊት ግን የታዘዘችው እስከ ሰማንያ ስለሆነ "ተራ ቁጥር ስልሳ አንድ" አለች። ሰዓቱ እንደገና ጮኸ። በችሎት ሰዓት የቤተሰብ ጥሪ በራሱ ነው የሚከፈተው፤ አቶ ማክቤል ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው።

"ማክቤል!" አለ የሴት ድምፅ። "ኖላዊት የምትባለው ማናት?"

"ሶሊ፣ ችሎት ላይ ነኝ፤ ሰሌዳ እያነበበች ነው!"

"ሰሌዳ? አንተን ነው ሰሌዳ የምትልህ?"

"አይደለም፣ ታማ ነው! ትንሹ አንጎሏ…"

"ትንሽ አንጎልማ ያለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። መዝገቡ አይዋሽም ስትለኝ አይደል የኖርከው?"

"የመጀመሪያው እይታ አንዳንድ ጊዜ…" አሉ ዳኛው፤ ከዚያ ምን እንዳሉ ሰሙና አፋቸውን ያዙ። ግን ዘግይተዋል። ራምላ ጽፋዋለች። ሙሉ ችሎቱም፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከጫማው ቀና ብሎ ዳኛውን እያያቸው ነበር።

ፍርዱ በእጅ ተጻፈ። መዝገብ ቤቱ እስክሪብቶ ስለሌለው ራምላ ከጎረቤት ፋርማሲ ተውሳ አመጣች። "የወይዘሮ ኖላዊት ዓይን በሕመም ምክንያት ያልፋል፤ አይመዝገብ፤ ከሥራዋም አትነሣ" ይላል፤ ከሥሩ "ለወይዘሮ ሶልያና ግልባጭ" የሚል አለበት።

ናሆም ከዚያ ወዲያ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀና አላለም። መጥበሻውን ሳይቀር ወደ ሌላው ጥግ ወስዶታል። ኖላዊት ሰሌዳውን ስታይ ዓይኗ አልፎ ባዶ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ መጀመሪያ ተመቻት፤ ቀጥሎ ግድግዳው አሰለቻት። የሚቀጥለው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሕዝቡ አዳራሹ ውስጥ ተኮልኩሎ ሳለ፣ ከክፍሏ ወጥታ ሄደች።

"ናሆም፣ ሽማግሌ ስትልክ እኔን ጠይቀኸኛል?"

"መዝገቡ…"

"አንተ ነህ ወይስ መዝገቡ ነው ሊያገባ የነበረው?"

"አልጠየቅኩሽም" አለ ናሆም።

"ታዲያ ጠይቀኝ።"

ናሆም እጁን በሽርጡ ጠረገ። ዙሪያውን አየ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚባል አያውቅም፤ አባቱም አልነገሩትም። በመጨረሻ "ታገቢኛለሽ?" አለ።

"አይሆንም" አለች ኖላዊት።

"ጠይቀኝ አላልሽም?"

"ጠይቀኝ አልኩ እንጂ እሺ እላለሁ አልኩ? ሐሙስ ደግሞ ሞክር።"

ሞከረ። መጥበሻውንም ወደ ቦታው መለሰ። በሦስተኛው ሐሙስ "ብንጋባ ምን ይመስልሻል?" አለ፤ አይሆንም ተባለ። በአምስተኛው ሐሙስ የሐረር ተሳፋሪዎች ጥያቄውን ሳይሰሙ አንሄድም ብለው አውቶቡስ አስቆሙ። በሰባተኛው ዮናታን ወንበር ይዘው መጡ። በነዚያ ሳምንታት የኖላዊት ዓይን እየተማረ፣ እየተመጠነ ሄደ፤ ሰሌዳውን ስታይ ሰሌዳው ላይ ማረፍ ጀመረ። ይህን ለዶክተር ኢክራም እንጂ ለማንም አልተናገረችም። ዳቦም ዳቦ ሆኖላታል።

በዘጠነኛው ሐሙስ ናሆም መጥበሻውን አጥፍቶ ክፍሏ መስኮት ሥር መጣ። ሸሚዙ አሮጌው ነው።

"እንግዲህ እኔ የማውቀው ቃል አልቋል" አለ። "እንደ መጀመሪያው ልበል? ታገቢኛለሽ?"

ኖላዊት ፊቱን ቀጥ አድርጋ አየችው። ግንባሩ ላይ ዘይት ያቃጠለው ጠባሳ አለ፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው።

"እሺ" አለች። "ግን ሳምቡሳህ ጨው ይበዛዋል።"

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ዮናታን ከወንበራቸው ተነሡ። ናሆም ግን የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣህ ጀምሮ። አሥራ አንድ ዓመት።"

"አሥራ አንድ ዓመት ስትበዪው? ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች ኖላዊት።